ሐና ያወጣችው ስም የማን ነው?

 

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። ይሁን እንጂ መልአኩን እናትና አባት ብዙ ጊዜ ይቀድሙታል። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ሲወለድላቸው ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ይሉታል። ልጁ አድጎ ሽማግሌ ከሆነ በኋላም ስሙ በተጠራ ቁጥር ከእሱ በፊት በዚያ ቤት ለቅሶ እንደነበረ ይናገራል። የብሉይ ኪዳን ሰዎችም በዚህ በኩል እኛኑ ይመስላሉ። አቤል ከተገደለ በኋላ ሔዋን የወለደችውን ልጅ ሴት ያለችው በሟቹ ፋንታ ሌላ ተተካልኝ ብላ ነው፤ እዚህ ቢወለድ ምትኩ ነበር የሚባለው። ራሔል ነፍሷ ልትወጣ ስትል የወለደችውን ቤንኦኒ፣ የጭንቀቴ ልጅ፣ ብላ ጠራችው። አባቱ ያዕቆብ ግን ብንያም ብሎ ለወጠው። ልጁ ዕድሜ ልኩን የእናቱን ምጥ ተሸክሞ እንዲኖር አልፈለገም መሰለኝ።

ለዛሬ የያዝነው ስም ሳሙኤል ነው። ሳሚ የሚባል ልጅ የሌለበት ሠፈር ማግኘት ያስቸግራል። ትርጉሙን ስትጠይቁ አንዱ «እግዚአብሔር ሰማኝ ማለት ነው» ይላችኋል፤ ሌላው «ከእግዚአብሔር የተለመነ ማለት ነው» ይላል። ሁለቱም ከታሪኩ የተወሰዱ ናቸው፣ ለጆሮም ይጥማሉ። ስሙን በዕብራይስጡ ፊደል በፊደል ስትፈቱት ግን አንዱንም አይልም። ይባስ ብሎ እናቱ ሐና ስሙን ስታወጣ የሰጠችው ምክንያት አጥብቆ የሚገጥመው ለሌላ ሰው ስም ነው፤ ያም ሰው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ዘውድ ደፍቶ ይመጣል። ነገሩ የጸሐፊው ስሕተት ነው ወይስ የታሰበበት? ዛሬ የምንጨዋወተው በዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ላይ ይገኛል። በተራራማው በኤፍሬም አገር ሕልቃና የሚባል ሰው ነበር። ሚስቶቹ ሁለት ናቸው፤ ሐናና ፍናና። ፍናና ወልዳለች፣ ሐና መካን ናት። ቤተሰቡ በየዓመቱ ለመስገድና ለመሠዋት ወደ ሴሎ ይወጣል። ኢየሩሳሌም ያን ጊዜ ገና የእስራኤል ከተማ አልሆነችም፤ ታቦቱ የነበረው በሴሎ ነው። በዓሉ ለሁሉም ደስታ ሲሆን ለሐና የመከራ ቀን ነበር። የመሥዋዕቱ ሥጋ በየሰዉ ሲታደል ለፍናና፣ ለወንዶች ልጆቿና ለሴቶች ልጆቿ ሁሉ ድርሻ ድርሻቸው ይሰጣል። ጣውንቷም አጋጣሚውን አታሳልፈውም፤ በነገር ትወጋታለች። ሐና ታለቅሳለች፣ እህል አትቀምስም። ባሏ ሊያጽናናት ሞክሮ እኔ ከዐሥር ልጆች አልበልጥብሽም ወይ ዓይነት ነገር ይላታል። መጽሐፉ ለዚህ የሐናን መልስ አልጻፈም። መልስ የሰጠችውም አይመስለኝ።

ከማዕዱ ተነሥታ ወደ መቅደሱ ሄደች። ካህኑ ዔሊ በመቃኑ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሐና እያለቀሰች ተሳለች፦ ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ዕድሜውን ሁሉ ለአንተ እሰጠዋለሁ፣ ምላጭም ራሱን አይነካውም አለች። በዚያ ዘመን ሰው ሲጸልይ ድምፁን ያሰማል። የሐና ግን ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም። ዔሊ አፏን አፏን ሲያይ ቆየና ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እሷም አልሰከርኩም፣ ልቤ ያዘነብኝ ሴት ነኝ ብላ አስረዳችው። ሽማግሌው ወዲያው ቃሉን ለወጠ፤ በሰላም ሂጂ፣ የእስራኤል አምላክ የለመንሽውን ልመና ይስጥሽ ብሎ ሸኛት። እዚህ ላይ ላንዳፍታ ላቋርጥና፣ የአይሁድ ሊቃውንት የጸሎትን ሥርዓት ሲደነግጉ መሠረት ያደረጉት ይህቺኑ ሴት ነው። ታልሙድ በረኮት በሚባለው ክፍሉ የሚጸልይ ሰው ከንፈሩን ሊያንቀሳቅስ፣ ድምፁን ግን ሊያሰማ አይገባም የሚለውን ከሐና ይማራል። ካህኑ እንደ ስካር የቆጠረው ነገር ለትውልድ ሁሉ ሥርዓት ሆነ ማለት ነው።

ሐና ፀነሰች፣ ወለደች። ከእግዚአብሔር ለምኜዋለሁ ስትልም ስሙን ሳሙኤል አለችው።

አሁን ወደ ስሙ እንግባ። ከዕብራይስጡ አንድ ቃል ብቻ ያዙልኝ፦ ሻአል። ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ነው። ለእኛ ባዕድ ቃል አይደለም። የዕብራይስጡ «ሸ» ከግእዙ «ሰ» ጋር መገናኘቱ የታወቀ ነው፤ ሻሎም ሰላም ነው፣ ሻማይም ሰማይ ነው፣ ሼም ስም ነው። ሻአልም በግእዝ ሰአለ ነው፣ ለመነ ማለት። ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ «ሰአሊ ለነ» ሲባል ሰምቷል፤ ለምኝልን ማለት ነው። ስእለት የምንለው፣ በአነጋገራችን ስለት ያልነው፣ ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። በዓረብ አገር የኖራችሁ አድማጮችም «ሱአል» ጥያቄ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ያው ሥር ነው። በነገራችን ላይ ስእለት የሚጻፈው በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ነው። በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ሠዐለ ይሆናል፣ ሥዕል ወደ መሣል ይሄዳል። ዛሬ ብዙዎቻችን ሁለቱን አቀላቅለን እንጽፋለን፤ የቆሎ ተማሪ ቢሆን ኖሮ መምህሩ በዋዛ አያልፉትም ነበር።

በዕብራይስጡ ምዕራፍ 1 ውስጥ ይህ ሥር 7 ጊዜ ይመላለሳል። ዔሊ ሲመርቃት የለመንሽውን ልመና ባለው ውስጥ ሁለት ጊዜ አለ። ስሙ ሲወጣ አንድ ጊዜ አለ። ሐና ልጁን ጡት አስጥላ ወደ ሴሎ ይዛው በሄደች ጊዜ፣ ዱቄቱንና የወይን ጠጁን አቁማዳ አስጭና፣ ዔሊን ያቺ ሴት እኔ ነኝ ባለችው ንግግር ውስጥ ደግሞ አራት ጊዜ አለ። ስለቱ ራሱ በዕብራይስጥ ሌላ ስም አለው፣ ኔዴር ይባላል። ሻአል ልመናው ነው። ጸሐፊው ይህን ቃል በጆሮአችን እየደጋገመ ያስገባዋል።

ታዲያ ሳሙኤል በሚለው ስም ውስጥ ሻአል የት አለ? የለም። ስሙ በዕብራይስጥ ሽሙኤል ነው። ሻአል ሸ፣ አ እና ለ ይፈልጋል፤ በሽሙኤል ውስጥ ደግሞ «መ» መሐል ገብታ ተቀምጣለች፣ ልመና በሚለው ቃል ውስጥ ምንም ሥራ የሌላት ፊደል። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ፈረንሳይ የኖረው ሊቅ ዳዊት ቂምሒ ይህን አይቶ፣ ስሙ «ሻኡል ሜኤል»፣ ከእግዚአብሔር የተለመነ፣ የሚለው ሐረግ አጥሮ የተፈጠረ እንደሆነ አድርጎ አስረዳ። ብልህ መፍትሔ ነው፣ «መ»ንም ሥራ ያስይዛታል። ችግሩ፣ የዕብራይስጥ ስሞች በዚያ መንገድ አያጥሩም።

«እግዚአብሔር ሰማኝ» የሚለውስ? ሰማ በዕብራይስጥ ሻማዕ ነው፣ በግእዝም ሰምዐ፤ በሁለቱም መጨረሻው ዐይኑ ዐ ነው። ዕብራውያን ፊደሏን ራሷን ዓይን ይሏታል፤ እኛም ዐይኑ ዐ እንላለን። ሽሙኤል ውስጥ ያለችው ግን አንዲት አልፋ ብቻ ናት፣ እሷም ኤል የሚለውን የአምላክ ስም የምትጀምረው ናት። ዐይኑ የለም። ከሰምዐ የወጣ ስም ማየት የፈለገ ስምዖንን ይመልከት፤ በግእዝ አጻጻፋችን እንኳ ዐይኑ ዖ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ልያ ያን ስም ያወጣችው እግዚአብሔር መጠላቴን ሰማ ብላ ነው። እስማኤልም ያው ነው፣ እግዚአብሔር ይሰማል ማለት ነው። ሐና መስማትን ልትናገር ብትፈልግ ቃሉ ቀርቦላት ነበር። እሷ ግን ልመናን መረጠች።

የሚቀረው ግልጹ መንገድ ነው። ሼም ስም ነው፣ ኤል አምላክ ነው። ሽሙኤል ማለት «ስሙ ኤል ነው» ወይም «የኤል ስም» ማለት ነው። በመካከል ያለችው «ኡ» ጵኑኤል በሚለው የቦታ ስም ውስጥም ትገኛለች፤ ያዕቆብ ሲታገል ያደረበት፣ የኤል ፊት የተባለው ቦታ ነው። የዚህ ዓይነት ስም በሴማውያን ዘንድ እጅግ ጥንታዊ ነው። የሕግ ድንጋዩን ያቆመው ሐሙራቢ ከመንገሡ በፊት፣ ከእርሱ ሥርወ መንግሥት የባቢሎን ሁለተኛ ንጉሥ ሱሙ ላ ኤል ይባል ነበር። ሱሙ ስም ነው፣ ኤልም ያው ኤል ነው። ሐና ከመወለዷ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዚያ አካባቢ ሰዎች ልጆቻቸውን በዚህ አኳኋን ይሰይሙ ነበር። ስም ሲባል ደግሞ መጠሪያ ብቻ አይደለም። በእኛም ዘንድ ስም ያለው ሰው ስንል፣ ስም ከመቃብር በላይ ነው ስንል፣ ክብሩንና ማንነቱን ማለታችን ነው።

እንግዲህ «የተለመነ» የሚል ትክክለኛ ስም በዕብራይስጥ የለም ይሆን? አለ እንጂ። አንደኛው ሼአልቲኤል ነው፣ «ከእግዚአብሔር ለመንሁ» ማለት። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሰላትያል ሆኖ በማቴዎስ ወንጌል የትውልድ ሐረግ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ከዘሩባቤል ጋር የሚነሣው ሰው ነው። ሐና የተናገረችውን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ የያዘ ስም ቢፈለግ እሱ ነበር። ሁለተኛው ሻኡል ነው፣ «የተለመነ»። ግሪኩ ሳኡል አለው፣ እኛም ሳኦል አልነው። የእስራኤል የመጀመሪያው ንጉሥ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ከዚያው ከብንያም ነገድ የተወለደ ሌላ ሰው በዚሁ ስም ተጠርቷል፤ እሱን በሐዋርያት ሥራ ሳውል እያልን የምናነበው፣ ኋላ ጳውሎስ የተባለው ነው። የንጉሡና የሐዋርያው ስም በዕብራይስጥ አንድ ነው።

የነገሩ አንጓ ምዕራፍ 1 ቁጥር 28 ላይ ነው። ሐና ልጁን ለዔሊ ስታስረክብ የምትናገረው የመጨረሻው ቃል በዕብራይስጡ «እርሱ ለእግዚአብሔር ሻኡል ነው» የሚል ነው። ለእግዚአብሔር የተሰጠ፣ የተዋሰ እንደማለት ነው፤ ምክንያቱም ይኸው ግስ በአስደራጊው ርባታ ማዋስ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጮክ ተብሎ ሲነበብ የሰማ እስራኤላዊ ከመዋሱ በፊት የሚሰማው ስሙን ነው፦ ሻኡል። የንጉሡን ስም በፊደሉም በአነባበቡም እንዳለ። ሳሙኤልን ልታስረክብ መጥታ ሳኦል ብላ ሄደች።

አንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ታሪኩ መጀመሪያ የሳኦል የልደት ታሪክ ነበር፣ በኋላ ወደ ሳሙኤል ተዛወረ ብለዋል። ሌላም ማስረጃ ይጠቅሳሉ። መካን እናት፣ ራሱን ምላጭ የማይነካው ልጅ፣ ይህ ሁሉ የሶምሶንን ልደት ይመስላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን 4ኛ ዋሻ የተገኘው የሳሙኤል መጽሐፍ ጥንታዊ ቅጂ ሐና ልጁን ለዘላለም ናዝራዊ፣ ማለትም ለእግዚአብሔር ተለይቶ ጠጉሩን የማይላጭ፣ አድርጋ እንደምትሰጥ በግልጽ ይናገራል። ሶምሶን የተወለደው ከፍልስጥኤማውያን ለማዳን ነው፤ ፍልስጥኤማውያንን እንዲዋጋ የተቀባው ደግሞ ሳኦል ነው። እንግዲህ የልደት ታሪኩ ለጦር ሰው እንጂ ለነቢይ አይስማማም ይላሉ።

ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን አልቀበለውም። ሳኦል ብንያማዊ ነው፣ አባቱም ቂስ ነው። ይህ ታሪክ ከኤፍሬም ተራራ፣ ከሴሎና ከዔሊ ቤት ተነጥሎ ሊቆም አይችልም። ታሪክ ሰርቆ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ጸሐፊ ደግሞ የባለቤቱን ስም 7 ጊዜ እያስተጋባ አይተውም፤ መጀመሪያ የሚፍቀው እሱን ነበር። ለእኔ ጸሐፊው የሚያደርገውን ያውቃል። ሮበርት ፖልዚን የተባሉ ምሁር በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ የሐና ልጅ መለመን ሕዝቡ ንጉሥ ለሚለምንበት ታሪክ ምሳሌ ሆኖ አስቀድሞ የተቀመጠ ነው ብለዋል። ወደ እውነቱ የቀረበው ይህ ይመስለኛል፤ የቀረውን መጽሐፍ ሻአልን እያሳደዳችሁ ብታነቡት ትታዘቡታላችሁ።

እናሳድደው። ምዕራፍ 8 ላይ ሳሙኤል ሸምግሏል፣ ልጆቹም ጉቦኞች ሆነዋል። ሽማግሌዎቹ እንደ ሌሎች አሕዛብ ንጉሥ አንግሥልን ይሉታል። ሳሙኤል የንጉሥን ጠባይ የሚያስጠነቅቀው «ከእርሱ ንጉሥ ለሚለምኑት ሕዝብ» ነው ይላል መጽሐፉ፤ ሻአል። ምዕራፍ 10 ላይ ሳኦል በዕጣ ሲወጣ ጠፋ። ሕዝቡ የት አለ ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ፤ ሻአል። መልሱም በዕቃው መካከል ተሸሽጓል የሚል ሆነ። ምዕራፍ 12 ላይ ሳሙኤል በስንብት ንግግሩ ንጉሡን የለመናችሁት ይለዋል፤ ሻአል። የለመናችሁት ማን ነው? ሻኡል፣ የተለመነው። አንዲት ሴት በእንባ ለምና ያገኘችው ልጅ፣ ሕዝብ በግትርነት ለምኖ ያገኘውን ንጉሥ ሲያስረክብ የሚያሳይ ቦታ ነው። ሁለቱም ልመና ተፈቅዷል። ሐና ግን ያገኘችውን መልሳ ሰጠች።

በአማርኛ ስናነብ ይህ ገመድ ይበጠስብናል። ተርጓሚዎቹን መውቀስ አይገባም። አንድ የዕብራይስጥ ቃል እንደ አገባቡ አንድ ቦታ ለመነ፣ አንድ ቦታ ጠየቀ፣ አንድ ቦታ ሰጠ ይሆናል፤ አማርኛው እንዲያምር እንደዚያ መሆን አለበት። ጆሮ ግን ያጣል።

ከዚያ ነገሩ ይመራል። ምዕራፍ 14 ላይ ሳኦል ፍልስጥኤማውያንን ላሳድድ ወይ ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ። ዕብራይስጡ «ዋይሽአል ሻኡል» ነው፤ የተጠየቀው ጠየቀ ያህል በጆሮ ይደጋገማል። በዚያን ቀን መልስ አላገኘም። ዳዊት በምዕራፍ 23 ቅዒላን ለማዳን ልሂድ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ተመለሰለት። ደግሞ ጠየቀ፣ ደግሞ ተመለሰለት። በምዕራፍ 30ም እንዲሁ። ስሙ ልመና የሆነው ሰው ለምኖ አያገኝም፤ ስሙ ከልመና ጋር የማይነካካው ዳዊት በጠየቀ ቁጥር ያገኛል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ሳያውቅ አደረገው የሚለኝን ሰው ማመን ይቸግረኛል።

ምዕራፍ 28 የሁሉም መጨረሻ ነው። ሳሙኤል ሞቷል፣ ተቀብሯል። ፍልስጥኤማውያን በሱነም ሰፍረዋል፣ ሳኦልም ፈርቷል። እግዚአብሔርን ጠየቀ፣ «ዋይሽአል ሻኡል»፤ በሕልምም፣ በኡሪምም፣ በነቢያትም አልመለሰለትም። ከዚያ ልብሱን ለውጦ በሌሊት በዓይንዶር ወዳለች ሙታን ሳቢ ሴት ሄደ። ሕጉ በዘዳግም 18 ላይ እንዲህ ያለውን ሰው ሲጠራው «ከሙታን መንፈስ የሚጠይቅ» ይለዋል፣ በዚያው ቃል። ሴቲቱ የወጣውን ስታይ ጮኸች። ምን ዓይነት መልክ አለው ብሎ ቢጠይቃት መጎናጸፊያ የተጎናጸፈ ሽማግሌ ነው አለችው። ሳኦል ሳሙኤል እንደሆነ በዚህ ዐወቀ። መጎናጸፊያው በዕብራይስጥ ሜዒል ነው፤ ሐና በየዓመቱ እየሰፋች ወደ ሴሎ ትወስድለት የነበረችው ትንሽ ቀሚስም ሜዒል ነው የምትባለው። ከዚያ ሳሙኤል ለሳኦል የሚናገረውን ስሙ፦ እግዚአብሔር ከተለየህ እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? ትጠይቀኛለህ የሚለው ሻአል ነው። በልመና የተገኘው ሰው፣ የተለመነ የሚባለውን ሰው፣ ለምን ትለምነኛለህ ይለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሙታን አገር በዕብራይስጥ ሼኦል ነው፤ እኛ ሲኦል እንለዋለን። አናባቢ ምልክት በሌለው ጥንታዊ ጽሕፈት ሻኡልና ሼኦል አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ በእኛም ፊደል ሳኦልና ሲኦል የሚለያቸው የመጀመሪያዋ ፊደል እግር ነው። ሲኦል ከመለመን የመጣ ቃል ስለመሆኑ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ እኔም አልፈርድም። ሐና ግን በምዕራፍ 2 ልጇን ሰጥታ ስትጸልይ እግዚአብሔር ወደ ሲኦል ያወርዳል፣ ያወጣልም ብላለች። በዚያው ጸሎት መጨረሻ ላይ ለንጉሡ ኃይልን ይሰጣል ትላለች፤ ገና ንጉሥ የሚባል ነገር በእስራኤል ሳይኖር።

ይህ ጸሎት ለብዙ አድማጮቻችን እንግዳ አይደለም። በእጃችሁ ያለውን መዝሙረ ዳዊት ግለጡ፤ ከ151ዱ መዝሙር ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያት ይመጣል። ጸሎተ ሐና እመ ሳሙኤል እዚያ ውስጥ ናት። ዳዊት የሚደግሙ አባቶችና እናቶች ከሙሴ፣ ከሕዝቅያስና ከዮናስ ጸሎት ጋር ያደርሷታል። ልጅ ለምኖ ያጣም፣ ያገኘም ይደግማታል።

ስለዚህ ልጃችሁን ሳሙኤል ብላችሁ የሰየማችሁ አድማጮች ትርጉሙን ስትጠየቁ «ስሙ አምላክ ነው» ብትሉ ከፊደሉ ጋር ትስማማላችሁ፤ «ከእግዚአብሔር የለመንሁት» ብትሉ ደግሞ ከሐና ጋር ትስማማላችሁ። ሐና የስሙን ሰዋስው አልፈታችም፤ ስሙን ባወጣችበት ሰዓት በልቧ የነበረውን ተናገረች። በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ሲወጣ ምክንያቱ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ ቅርበት ነው። የኖኅ አባት ስሙን ከማጽናናት ጋር አያያዘው፤ ፊደሉ ግን ወደ ማረፍ ያደላል። እንደዚያ ዓይነቱን ሁሉ ስሕተት የምንል ከሆነ የሚተርፍ ስም ጥቂት ነው።

እስከ ሳምንት ድረስ አንድ ነገር እንድታደርጉ ልለምናችሁ። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1ንና ምዕራፍ 28ን በአንድ ምሽት አከታትላችሁ አንብቡ፤ ቢቻል አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ። ለመነ፣ ጠየቀ የሚል ቃል በደረሰ ቁጥር በእርሳስ አስምሩበት። ግእዝ የሚያውቅ በቤቱ ያለ ደግሞ በግእዙ ያስተያየው፤ እዚያ መጽሐፉ ቀዳማዊ መጽሐፈ ነገሥት ተብሎ ስለሚቆጠር በዚያ ስም ፈልጉት። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 4 ላይ፣ የዔሊ ምራት በምጥ ስትሞት ኢካቦድ ብላ ስላወጣችው ስም እናወራለን።